የገባው ገንዘብ ለምን ወጣ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ነገር ነው። በካርድ የተከፈላቸው ገንዘብ ከሳምንታት በኋላ ከሒሳባቸው ተመዞ ወጥቷል። አንዱ «ባንኩ ዘረፈኝ» ይላል። ሌላው «የክፍያ ድርጅቱ ከሌባው ጋር ተመሳጥሯል» ይላል። አልፈርድባቸውም። እኔም ያገለገሉ የካሜራ ሌንሶችን ኦንላይን በሸጥኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ከዚህ የባሰ ተናግሬያለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ። አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል። የሌሎቹም ሥር እዚያው ስለሆነ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሄድፎን የምሸጥበት ትንሽ የኦንላይን ሱቅ አለኝ። ብቻዬን ነው የምሠራው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው ሦስት አንድ ዓይነት ሄድፎን አዘዘ፤ ያውም ውድ ውዶቹን። ካርዱ አለፈ። በማግስቱ ላክሁ። የአጓጓዡ ገጽ ‹ደርሷል› ይላል፣ ፊርማም አለው። በስድስተኛው ሳምንት ገንዘቡ ከሒሳቤ ወጣ፤ የቅጣት ክፍያም ተጨመረበት። የመድረሻውን ማስረጃ ብልክም ‹ተሸንፈሻል› አሉኝ። ዕቃው ደርሷል እኮ! እንዴት ነው የምሸነፈው? ደግሞ ትናንት ማታ ሌላ ሰው ሁለት ሄድፎን አዟል። ልላክ ወይስ ልተው?» የሄድፎኗ ነጋዴ

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽው ማስረጃ ልክ ነው። የመለስሽው ግን ያልተጠየቅሽውን ነው። አንቺ «ዕቃው ደርሷል» አልሽ። ባንኩ የጠየቀሽ «ካርዱን የተጠቀመበት ባለቤቱ ራሱ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሌባውም እኮ ዕቃው ይደርሰዋል። የፈረመውም እሱው ሊሆን ይችላል።

የደረሰሽን ማሳወቂያ እስቲ እንደገና ክፈቺው። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ኮድ ተጽፏል። ካርዱ ቪዛ ከሆነ 10.4 የሚል ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። ካርዱ በአካል ሳይቀርብ የተፈጸመ ማጭበርበር ማለት ነው። 13.1 ቢሆን ኖሮ ቅሬታው «ዕቃው አልደረሰኝም» ነውና ያቺ ፊርማ ትጠቅምሽ ነበር። በማስተርካርድ በኩል ባለቤቱ «እኔ አልፈቀድኩም» ሲል የሚመጣው ኮድ 4837 ነው። ብዙ ሻጭ ኮዱን ሳያይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ጠራርጎ ይልካል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንዴ 14 ገጽ ልኬ ተሸንፌያለሁ።

አሁን «ካርዱ አለፈ» ወደሚለው እንምጣ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ገዢው ቁጥሩን ሲያስገባ ጥያቄው ከሱቅሽ ወደ ክፍያ ድርጅትሽና ወደ አንቺ ወገን ባንክ ይሄዳል። ከዚያ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መስመር አድርጎ ካርዱን ወደሰጠው ባንክ ይደርሳል። መልሱ በሰከንዶች ይመለሳል። «አፕሩቭድ» ሲል የሚነግርሽ ይህን ብቻ ነው፦ ካርዱ አለ፣ ገደቡ ይበቃል፣ እስከዚች ደቂቃ ድረስ ተሰረቀ ብሎ ያመለከተ የለም። ቁጥሩን የጻፈው ማን እንደሆነ ባንኩ አላየም። አንቺም አላየሽም። የካርዱ ባለቤት ምናልባት ተኝቷል።

የሚነቃው የወር መግለጫው ሲደርሰው ነው። «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ባንኩን ይጠይቃል። ባንኩም ገንዘቡን በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይስበዋል። ቻርጅባክ የሚባለው ይሄ ነው። ለአብዛኛው ቅሬታ የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ነው፤ አራት ወር ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳብሽ ላይ የሚታየው ገንዘብ ለአራት ወር ያህል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ይህ ለገዢው የተሰጠ መብት ዝም ብሎ የባንኮች ቸርነት አይደለም። በአሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ላይ የቆመ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ካርዴን ይዤ ገዢ ስሆን በጣም እወደዋለሁ።

ታዲያ ኪሣራው ለምን በሻጩ ላይ ወደቀ? ካርዱ በአካል ቀርቦ ቺፑ ማሽን ውስጥ ቢገባ፣ የሐሰት ካርድ ጣጣ ባብዛኛው የሰጪው ባንክ ነው። ኦንላይን ግን ካርዱን ያየው የለም። ደንቡም አደጋውን ለሻጩ ሰጥቶታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ቺፕ የማያነብ ማሽን የያዘ ሱቅ የሐሰት ካርድ ኪሣራውን ራሱ እንዲሸከም ተደረገ። ሱቆቹ ማሽን ቀየሩ። ሌቦቹም ሱቅ መሄዱን ትተው ወደ እኛ መጡ።

ኪሣራውን በቁጥር እንየው። ከ100 ሽያጭ 20 ታተርፊ ነበር እንበል። ዕቃው 80 አስወጥቶሻል፣ ዕቃውም ገንዘቡም ሄዷል። ያንን 80 ለመመለስ ብቻ አራት ንጹሕ ሽያጭ ያስፈልግሻል። ለሦስቱ ሄድፎን 12 ማለት ነው። የቅጣት ክፍያውና የላክሽበት ገና አልተቆጠረም። ክርክሩን ብታሸንፊም ቅጣቱን የማይመልሱ ድርጅቶች አሉ።

የእኔን ልንገርሽ። አንድ ማታ 85 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ተሸጠ። በሱቄ ካሉት ሁሉ ውዱ ነበር። ገዢው የጻፈልኝ አንዲት መልእክት ብቻ ናት፤ «ዛሬ ይወጣል?» የምትል። እኔ ደስታ ላይ ነበርኩ። ሌንሱን በሁለት ዙር አረፋ ፕላስቲክ ጠቀለልኩ፣ የምስጋና ካርድ ሁሉ ጻፍኩለት። በጠዋት ላክሁት። ከሰዓት ላይ «ቤት አልገኝም፣ ወደዚህ አድራሻ አዙርልኝ» አለ። አዞርኩለት። ደንበኛ ንጉሥ ነው ብዬ!

ቻርጅባኩ ሲመጣ ቁጭ ብዬ የትዕዛዙን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም ነገር እዚያው ነበር። በ11 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ካርድ ተሞክሯል። ሁለቱ ውድቅ ሆነዋል፣ ሦስተኛው አልፏል። ሦስቱም ካርዶች የተለያየ ሰው ስም ነበራቸው። ኢሜይሉ ላይ ያለው ስም ደግሞ አራተኛ ሰው ነው። በሰዓቱ ይህን ሁሉ አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን «ሁለቱ እምቢ አሉ፣ ተመስገን ሦስተኛው አለፈ» ብዬ ነው።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ነዝናዛ ነው። መስታወቱን ብርሃን ላይ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ ይላል። ሻጋታ አለው ወይ፣ ቀለበቱ ሲዞር ይከብዳል ወይ ይላል። ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ይሄ ሰውዬ ምንም አልጠየቀም፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ ቀንስ አላለም። የጨነቀው መቼ እንደሚወጣ ብቻ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው እንዲህ አይገዛም። አንቺም ሄድፎን የሚገዙ ሰዎች ምን እንደሚጠይቁሽ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ሦስት አንድ ዓይነት ሄድፎን ያለ ምንም ጥያቄ ሲታዘዝ እጅሽ ቆም ይበል።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ቀላል ነው። ውድ ዕቃ ከሆነ በዚያው ቀን አልክም። አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። በዚያ ሌሊት የካርዱን አገር አያለሁ። የካርዱ የመጀመሪያ 6 ወይም 8 አኃዞች የሰጪውን ባንክ ያሳያሉ፣ የክፍያ ድርጅቱም አገሩን ይጽፈዋል። ካርዱ ከአንድ አገር፣ የትዕዛዙ አይፒ (ገዢው የገባበት የኢንተርኔት አድራሻ) ከሌላ፣ መላኪያው ወደ ሦስተኛ ከሆነ እደውላለሁ። ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አኃዞች ትክክል መሆናቸው ጥሩ ነው፤ ግን አትደገፊበት። ሻጮች ያንን ቁጥር ማስቀመጥ ስለተከለከሉ ከተሰረቀ የሱቅ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ባለቤቱ ተታሎ በሐሰት ገጽ ላይ ራሱ ከጻፈው ግን ሌባውም ጋ አለ።

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትይኝ ስሪ ዲ ሴኪውር የሚባለውን አስከፍቺ እልሻለሁ። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የራሱ ባንክ በስልክ ኮድ ወይም በመተግበሪያ «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ገዢው በዚህ መንገድ ከተረጋገጠ «እኔ አልከፈልኩም» የሚለው ቅሬታ ኪሣራ ወደ ሰጪው ባንክ ይዞራል። «አልደረሰኝም» ወይም «እንደተባለው አይደለም» የሚለውን ግን አይሸፍንም። አንዳንድ ገዢ ኮዱ ሲጠየቅ ተሰላችቶ ይወጣል። ለርካሽ ዕቃ ሊያከስርሽ ይችላል፤ ለውዶቹ ብቻ እንዲጠይቅ አድርጊው። እኔ ያስከፈትኩት ሌንሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጥርጣሬሽ ግን ስድብ እንዳይሆን ተጠንቀቂ። አንዴ ሌሊት ላይ አራት ጊዜ ተሞክሮ ያለፈ ትዕዛዝ መጣ። መላኪያው ለሌላ ሰው ነው። ሌባ ነው ብዬ ልሰርዘው ነበር። በጠዋት ደወልኩ። አንዲት እናት አነሱት። ለልጅ ልጃቸው ስጦታ ነው። «ወንድሜ፣ ዓይኔ ነው እንጂ ካርዴስ ደኅና ነው» አሉኝ። የካርዱን ማብቂያ ወር እያሳሳቱ ነው አራት ጊዜ የሞከሩት። ግን ልብ በይ፤ አራቱም ሙከራ በአንድ ካርድ ነበር። የእኔ ሌባ ሦስት ካርድ ነበረው።

የትናንት ማታውን ትዕዛዝ በተመለከተ፣ ዛሬ አትላኪ። በትዕዛዙ ላይ ወዳለው ስልክ ደውዪ። ስለ ሄድፎኑ አንድ ነገር ጠይቂ፤ ቀለሙን፣ ከምን ጋር እንደሚያገናኘው። ገዢ ከሆነ ያወራሻል። ስልኩ የማይሠራ ከሆነ ወይም «ዝም ብለሽ ላኪው» ካለሽ፣ ገንዘቡን ወደዚያው ካርድ መልሺና ትዕዛዙን ሰርዢ። ወደ ሌላ ካርድ ወይም ሒሳብ እንዳትመልሺ። እሱም ራሱን የቻለ ሌብነት ነው።

ጥያቄ፦ «የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮዎችን በወርሃዊ ክፍያ እሸጣለሁ። ጡረተኛ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪ ዓመት ሊሞላው ሲል ‹ይህን ክፍያ አላውቀውም› ብሎ ለባንኩ አመልክቷል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ገብቶ ሦስት ትምህርት አይቷል! አዝኜ ገንዘቡን ልመልስለት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?» መምህሩ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እባክዎ አሁን እንዳይመልሱ። ቅሬታው አንዴ ከተከፈተ ገንዘቡ በባንክ በኩል ተወስዷል። እርስዎም ደግሞ ከመለሱ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ሁለተኛውን ማስመለስ መከራ ነው። የሚመልሱ ከሆነ ቅሬታ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ወይ መቀበል ወይ መከራከር ነው።

ሰውዬውን ሌባ ከማለትዎ በፊት ግን በካርድ መግለጫው ላይ የሚወጣው የእርስዎ ስም ምን እንደሆነ ይዩ። ምዝገባ ላይ የጻፉት የንግድ ስም ከቪዲዮዎቹ ስም ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ወይም ካርዱ የአባቱ ከሆነና አባቱ ስሙን ካላወቀው፣ «አላውቀውም» ያለው ከልቡ ነው። ለማስተካከል ብዙ ጊዜ የክፍያ ድርጅቱ ገጽ ላይ አንድ መስመር መቀየር ይበቃል። እኔ ስቀይረው «አላውቀውም» የሚሉት ቅሬታዎች በግልጽ ቀነሱልኝ።

እያወቀ የሚክድም አለ። ለዚህ ዓይነቱ ቪዛ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ለሻጭ የሚረዳ ደንብ አለው። በዚያው ካርድ የተከፈሉ፣ ቅሬታ ያልቀረበባቸው፣ ከ120 እስከ 365 ቀን ያለፋቸው ሁለት የቀድሞ ክፍያዎች ያቀርባሉ። ከዚያ እነዚያና አሁን የተካደው ክፍያ ቢያንስ በሁለት ነገር እንደሚመሳሰሉ ያሳያሉ፦ በአይፒ፣ በመሣሪያው መለያ፣ በመግቢያ ስም ወይም በመላኪያ አድራሻ። ከሁለቱ አንዱ አይፒ ወይም የመሣሪያው መለያ መሆን አለበት። ይህ የሚሠራው በዚያው 10.4 ባልኩት ኮድ ላይ ነው። ተማሪዎ ዓመት ሊሞላው ነው ብለዋልና የድሮ ክፍያዎቹ አሉዎት። የመግቢያ መዝገቡን ቀንና ሰዓት ያለበትን አውጥተው ይላኩ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። የመልስ ቀኑ ማሳወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ካለፈ ምንም ቢይዙ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ «ብስክሌቴን ለመሸጥ አወጣሁ። አንድ ሰው በኢሜይል ‹ሆስፒታል ስለሆንኩ መደወል አልችልም፣ በካርድ ልክፈልህ። የአጓጓዤንም ሒሳብ ጨምሬ እከፍልሃለሁ፤ አንተ ለእሱ አስተላልፍለት፣ እሱ ካርድ አይቀበልም› አለኝ። ለእኔም ለድካሜ ይጨምርልኛል። ምን ችግር አለው?» ብስክሌተኛው

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታስተላልፍ። አጓጓዥ የሚባለው እሱ ራሱ ነው። ካርዱ የተሰረቀ ነው። አንተ ወደ «አጓጓዡ» የምትልከው ገንዘብ በሒሳብ ዝውውር ይሄዳል፣ ያ አይመለስም። በካርድ የገባልህ ግን ይመለሳል። ብስክሌቱን ላይወስዱት ሁሉ ይችላሉ፤ የሚፈልጉት ያቺን ልዩነት ነው። «ለድካምህ» የምትለዋ ጭማሪ ደግሞ ማጥመጃ ናት። ከጠየቅኸው በላይ የሚከፍል ገዢ አጋጥሞህ ያውቃል? እኔ በዘጠኝ ዓመት አንድም አላየሁም።

ጥያቄ፦ «ስቲከር እሸጣለሁ። ዛሬ ጠዋት ስነሣ 70 የሚሆኑ ትዕዛዞች አገኘሁ! ሁሉም በጣም ርካሿን ስቲከር ነው ያዘዙት። አብዛኛው አልተሳካም፣ ዘጠኙ ግን ከፍለዋል። ስሞቹ እንግዳ ናቸው፤ አድራሻዎቹም ‹አስድፍ› ምናምን ይላሉ። ሥራዬ ታወቀ ብዬ ልደሰት ወይስ?» የስቲከሯ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ደስታሽን ላጠፋ ነው። ማንም ስቲከር አልፈለገም። አንድ ሰው የተሰረቁ ካርዶች ዝርዝር ገዝቷል፤ የትኛው ገና እንደሚሠራ ማወቅ ፈልጓል። ሮቦት ፕሮግራም አዘጋጅቶ በሱቅሽ በኩል አንድ በአንድ ሞከራቸው። ርካሿን የመረጠው ባለቤቱ ትንሽ ወጪ እንዳያስተውል ነው። ዘጠኙ ያለፉት ካርዶች ነገ ሌላ ቦታ ትልቅ ዕቃ ይገዛባቸዋል፤ ምናልባት ሄድፎን።

ዛሬውኑ ዘጠኙንም መልሺ። ባለቤቶቹ አይተው ቅሬታ ካቀረቡ ከስቲከሩ ዋጋ የሚበልጥ ቅጣት ለእያንዳንዱ ትከፍያለሽ። ቅሬታ ሲበዛ ደግሞ የክፍያ ድርጅቱ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ማስተርካርድ ማች የሚባል መዝገብ አለው፤ እንዲህ የተሰናበተ ሻጭ ስሙ እዚያ ይገባና አምስት ዓመት ይቆያል። ሌላ ድርጅት ሊቀበልሽ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ ለክፍያ ድርጅትሽ ዛሬ ጻፊ፣ የሆነውን ንገሪያቸው። ክፍያ ገጽሽ ላይ ሰው መሆንን የሚያረጋግጠውን ምልክት ማድረጊያ ክፈቺ። ከአንድ አይፒ በሰዓት ከሦስት አራት ሙከራ በላይ እንዳይቀበልም አድርጊ።

ስቲከሮቹንም አትጠቅልዪ። ማንም አይጠብቃቸውም።